በዋሮ ግርጌ የተተከሉት ጆሮዎች

ሰኞ፣ ጁን 9

እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ሳለን መምህራችን በየቀኑ አንድ ገጽ ጻፉ ይሉን ነበር። እኔ ሁልጊዜ የምጽፈው ስለ አየሩ ነበር፤ አየሩ ማንንም አያስቀይምም። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቀረ። አሁን የሚያነብብኝ ስለሌለ ሌላ ነገርም መጻፍ እችል ይሆናል።

እስቲ አንዱን ልናገር። ኩባንያው ካምፕ ውስጥ ሥራ የገባሁት ለእማ ሳልነግራት ነው። አፍ አውጥቼ የጠየቅኩት ግን እኔ አይደለሁም፤ አጎቴ ላቫይ ነው የጠየቀልኝ። እኔ ከኋላው ቆሜ የሸሚዙን ስፌት እያየሁ ነበር።

አጎቴ የእማ ታላቅ ወንድም ነው። ጫካ ውስጥ ገመድ የሚዘረጉት የገመድ ልጆች አለቃ አድርገውታል። ልጆቹ ጫካውን በቀጥታ መንጥረው መስመር ያወጣሉ፤ በመስመሩ ላይ ችካል ይተክላሉ፤ በየችካሉ አጠገብ ደግሞ ሹል እግር ያለው ትንሽ ዕቃ መሬት ውስጥ ይሰካሉ። እኛ ጆሮ ነው የምንለው። ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ፈንጂ ይፈነዳል፣ ድምፁ ወደ ታች ወርዶ ይመለሳል፣ ጆሮዎቹም ይሰሙታል። ጋዝ እየፈለጉ ነው።

የእኔ ሥራ መጥረግ፣ ልብስ ማጠብና ሳህን ማድረቅ ነው።

ረቡዕ፣ ጁን 11

ዝናብ። ካልሲ፣ ካልሲ፣ ካልሲ። ምንም አይደርቅም። ሄሊኮፕተሩ አልተነሳም። የካምፑ አለቃ ግራንት ሰማዩን የሰደበው ሰው ይመስል ያየዋል።

ማክሰኞ፣ ጁን 17

ዛሬ ከሄሊኮፕተሩ አንዲት ሴት ወረደች። ሻንጣዋን ራሷ ተሸከመች። ጌዋ ትባላለች። የዋና ከተማችን የፖርት ሞርስቢ ሰው ናት፤ ባሕሩ ላይ ከተሠሩት ቤቶች። ጆሮዎቹ የሰሙትን ወደ ሥዕል የምትለውጠው እሷ ናት አሉ። እንዲህ ያለውን ሥራ ነጭ ወንዶች ብቻ የሚሠሩት ይመስለኝ ነበር።

ቢሮዋን ስጠርግ “ስምሽ ማነው?” አለችኝ።

መጥረጊያዬን አየሁ። ደግነቱ ወጥ ቤቱ ቦኒፋስ ሻይ ይዞ እየገባ ነበር። ቦኒፋስ የሴፒክ ወንዝ ሰው ነው፤ ለሁለታችንም የሚበቃ ወሬ አለው።

“ሚርያ ትባላለች” አለ። “አታስጨንቂያት ሚስ ጌዋ፤ ድምጿን ለገና ነው ያስቀመጠችው። እኔ ጩኸታሟ ነው የምላት።”

“እንዲያ ከሆነ እስከ ገና እዚሁ ብቆይ ነው የሚሻለኝ” አለች። ሳቀች። የሳቀችው በእሱ ነው፣ በእኔ አይደለም። ይመስለኛል።

ቢሮዋን ሁለተኛ ጠረግኩት። ጭቃ ስለነበረ ነው።

እሑድ፣ ጁን 22

ቤት ዋልኩ። እማ ሥራ መግባቴን ከሰው ሰምታለች። ምንም አላለችኝም፤ መጥረቢያውን አቀበለችኝና ወደ ቢሪ ወረድን፣ ግንዱን ወደምንበላው ዘንባባ፣ ወደ ሳጎው።

አንዱ ለማበብ ደርሶ ስለነበር ጣልነው። እማ ግንዱን ሰንጥቃ ውስጡን ትፍቃለች፤ እኔ ፍቃፊውን በውሃ እያሸሁ እጨምቃለሁ፤ ነጩ ዱቄት ገንዳው ሥር ይረጋል። ስንሠራ አናወራም። ከእማ ጋር መሥራት የምወደው ለዚህ ነው።

ሳጎውን የተከለው አያቴ ነው፤ ለእማ ብሎ። ባሏ ቢሞት ወይም ቢከዳት እንዳትራብ ብሎ። አባባ ወደ ላዬ ከተማ ሄዶ ከቀረ ወዲህ የበላነው ይህንኑ ነው። ዛሬ የጣልነው እኔ ሳልወለድ የተተከለ ነው። ሳጎውን የሚያጠጣው ከላይ ካለችው ጉብታ ሥር የሚወጣው ምንጭ ነው። ጉብታዋም ቢሪ ነው የምትባለው። ሁሉም ቢሪ ነው።

ከዚያ ሆኖ የዋሮ ተራራ ይታያል። ዛሬ ደመና ነበር ግን ይታያል። ዋሮ ላይ ሴት አትወጣም፣ እንግዳም አይወጣም። የኖራ ድንጋይ ነው፤ ሆዱ ሁሉ ዋሻ ነው ይላሉ። አንዱ ዋሻ ውስጥ የአባቶቻችን የራስ አጥንቶች አሉ። የአያቴ አባትም እዚያ ነው።

ባለፈው ዓመት የኩባንያው ሰዎች መጥተው ሜዳው ላይ ስብሰባ አድርገው ነበር። “እንዳንረግጠው የምትፈልጉት ቦታ አለ?” ብለው ጠየቁ። መልካም ጥያቄ ነበር። ግን የላይኛው ወንዝ ሰዎች አብረውን ተቀምጠዋል። በአያቴ ዘመን ከእነሱ አንዱ በታንኳ መጥቶ ከዋሻው የራስ አጥንት ሰርቆ ለከተማ ነጋዴ ሸጧል። ታዲያ በእነሱ ፊት ማን ነው ጣቱን ወደ ዋሮ የሚቀስረው? ሽማግሌዎቹ ተያዩና “የለም” አሉ። አጎቴም “የለም” አለ። የለም ተብሎ ተጻፈ።

ስንመለስ እማ “መስመሩ በየት ነው የሚያልፈው?” አለችኝ።

“አላውቅም። አጎቴን ጠይቂው” አልኳት።

እማ ወንድሟን እንዲህ ያለ ነገር አትጠይቅም። እህት ታላቅ ወንድሟን አትመረምርም። ይህን እያወቅኩ ነው ያልኳት።

ሰኞ፣ ጁን 30

ዛሬ ሚስ ጌዋን አናገርኳት። ማለቴ መለስኩላት።

ጠረጴዛዋን ስወለውል ኮምፒውተሯ ላይ ዓይኔ ተተክሎ ቀረ። እንደ ተሰነጠቀ ግንድ የተደራረበ መስመር ነው፤ አንዱ ጋ ይቆለመማል፣ አንዱ ጋ ይጎብጣል። መጥረጌን ረሳሁት። ከኋላዬ መቆሟን አላወቅኩም።

“ያ ጎባጣው ነው የሚፈለገው” አለች። “ከምድር በታች ያለ ኮረብታ ነው። ጋዝ ካለ ራሱ ላይ ነው የሚከማቸው። መንደርሽ ከዚህ ሩቅ ነው?”

“ቁርስ በልቼ ከወጣሁ ፀሐይ ሳትበረታ እደርሳለሁ።”

“ትናንትስ?”

ትናንት ዘንቦ ነበር። መንገዱ እስከ ጉልበቴ ነው የዋጠኝ። “ምሳ ሰዓት አለፈኝ።”

“ታዲያ ትናንት መንደርሽ ራቀ?”

ሳቄ አመለጠኝ።

“እኔም እንደዚያው ነኝ” አለች። “ድምፁ ወርዶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ነው የማውቀው። ርቀቱን ማንም አይነግረኝም። ርቀቱን ለማወቅ መንገዱ ምን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። በጠንካራ ድንጋይ ውስጥ ይሮጣል። በእርጥብ ሸክላ ውስጥ ይጎተታል። ስለዚህ መጀመሪያ የምሠራው የፍጥነት ካርታ ነው፤ እዚህ ይህን ያህል ይሮጣል፣ እዚያ ይህን ያህል እያልኩ። ይህ ካርታ ላይኛው አፈር ላይ ከተሳሳተ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይጣመማል። ኮረብታው በሌለበት ኮረብታ አያለሁ።”

“ከዚያስ?” አልኩ። እኔ! ሳልጠየቅ!

“ከዚያማ ሰው ኮረብታ በሌለበት ይቆፍራል።”

ማታ ፊደሎቹ አልታይ እስኪሉኝ ድረስ ይህን ጻፍኩ። ቃል በቃል ነው ያስቀመጥኩት ብዬ አምናለሁ። እሷ ስትናገር እጇ ይናገራል።

ዓርብ፣ ጁላይ 4

ምነው ባልሰማሁ የምለውን ነገር ሰማሁ።

የገመድ ልጆቹ ለእራት ተሰልፈው ነበር፤ ጭቃ በጭቃ ሆነው። እኔ ሳህን አቀብላለሁ። አንዱ አፍ የሚያቀላውን ፍሬ፣ ቡአይ፣ እያኘከ፣ ከንፈሩ ቀይ ሆኖ፣ “የመስመር አራት ጆሮዎች ሰነፉ እኮ” አለ። “ዋሮ ላይ ውጡ ሲባሉ እምቢ ብለው እግሩ ሥር ተኙ።”

“አልሰነፉም፣ አክባሪ ናቸው” አለ ሌላው።

“ችካሎቹም አብረዋቸው ተኙ። የሚያምር ቤተሰብ።”

ተሳሳቁ። አጎቴ ከኋላቸው ነበር። “ብሉና ዝም በሉ” አለ። ሳህናቸው ላይ አቀረቀሩ።

አሁን ገባኝ። የኩባንያው መሬት ለኪዎች ዋሮ ሥር ሲደርሱ አጎቴ “ገደል ነው፤ ችካሎቹን ስጡን፣ እኛ እንተክላቸዋለን” ብሏቸዋል። ይህን እሱ ራሱ ለቦኒፋስ ሲነግረው ሰምቼ ነበር፤ ስለ ድካማቸው የሚያወራ መስሎኝ ነበር። ችካሉንም ጆሮውንም ታች ሸክላው ላይ ነው የተከሉት። ካርታው ላይ ግን እላይ ድንጋዩ ላይ ናቸው።

ደስም ብሎኛል። አባቶቻችንን ማንም አልረገጣቸውም ማለት ነው።

ደግሞ የእኔ ጉዳይ አይደለም። የእኔ ጉዳይ ሳህን ነው።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 8

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። መስመር አራት ሥዕሉ ላይ ወጣ። ዋሮ ሥር ሲደርስ ሰምጧል፤ በአውራ ጣት እንደተጫኑት የሳጎ ሊጥ። ሚስ ጌዋ ለግራንት፦ “አላምነውም። ድምፁ እዚህ ጋ በጣም ይዘገያል። ይህ የጠንካራ ድንጋይ ፍጥነት አይደለም።”

ግራንት፦ “ዋሻ ይሆናላ። ይህ አገር ወንፊት ነው።”

“ይሆናል። ወይም ሌላ ነገር ነው። አንድ ጊዜ እንደገና ብንዘረጋው?”

“በዚህ ዝናብ? ጌዋ፣ ስለ እግዜር፣ ሰዎቹ እግራቸው በስብሷል።”

ዋሮ በኩል ስለሰመጠ የኮረብታው ራስ ወደ ምሥራቅ ሸሽቷል። በስተምሥራቅ ያለው ቢሪ ነው።

ሳህን ሰበርኩ።

ሐሙስ፣ ጁላይ 10

ዝናብ። ማንም ስለ ሳህኑ አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ጁላይ 13

ቢሪ ላይ ቀይ ጨርቅ አስረዋል። ጉብታዋ ላይ፣ በየዛፉ፣ ክብ ሠርቶ።

እማ አንዱን በሁለት ጣት ይዛ “ምንድን ነው?” አለች።

“ምልክት ነው።”

“የምን?”

“የሚቆፍሩበት ይመስለኛል።”

ዓርብ ዕለት ሁለት ሰዎች መጥተው ነግረዋታል ለካ። ጉብታዋን ደልድለው ማሽኑን እላይዋ ያቆማሉ፤ አፈሩ ወደ ታች ይገፋል። ስለ ሳጎው ካሳ አለ ብለዋታል። እማ የጠየቀችኝ የምታውቀውን ነው።

“አፈሩ ወደ ታች ሲገፋ ምንጩ የት ይሄዳል?” አለች። እኔን አልነበረም የምትጠይቀው። “ካሳውን እበላዋለሁ? እሺ፣ ሩዝ እገዛበታለሁ። ሩዙ ሲያልቅስ? ጀልባ እጠብቃለሁ። ጀልባው ካልመጣስ?” ፍቃፊውን ጨመቀች። “ይህ ሁሉ ጫካ እያለ ሌላ ኮረብታ አጡ?”

ዝም አልኩ። ሁልጊዜም ዝም ስለምል ምንም አልመሰላትም።

አጎቴ በቤታችን አላለፈም። ሌላ ጊዜ እሑድ ሁሌም ዓሣ ይዞ ያልፋል። ወንዙ ስለሞላ ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 19

እራት ላይ ሚስ ጌዋ ከነጮቹ ጠረጴዛ ተነሥታ ሳህኗን ይዛ ከአጎቴ ፊት ለፊት ተቀመጠች። የገመድ ልጆቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

“ጋሽ ላቫይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት።”

“ጠይቂ ልጄ።”

“መስመር አራት ላይ፣ ዋሮ ጋ፣ ጆሮዎቹ ችካላቸው ጋ ናቸው?”

“ችካላቸው ጋ ናቸው።”

አልዋሸም። ችካሎቹም ታች ናቸው።

“መሬቱ ድንጋይ ነው?”

አጎቴ ሩዙን አየ። “እዚህ አገር ሁሉም ነገር ድንጋይ ነው ልጄ።”

የገመድ ልጆቹ ማላመጥ አቆሙ። ቦኒፋስ ከምድጃው ላይ “ሩዜን ነው የምትሉት?” ብሎ ጮኸ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሚስ ጌዋም ሳቀች። “አይ ቦኒፋስ፣ ሩዝህስ ሸክላ ነው” አለችው።

ከዚያ እየሳቀች እኔን አየችኝ። አጭር እይታ ነው፤ ሳህን ለማቀበል የሚበቃ ጊዜ ነው። ሳህን ግን አልፈለገችም።

ለምን እኔን እንዳየችኝ አላውቅም። እኔ ምንም ያልኩት የለም። ፊቴ ምን ይመስላል? መስታወት ያለው ወንዶቹ ጋ ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ ጁላይ 24

ትኩሳት። ሁለተኛ ቀኔ ነው። ቦኒፋስ ሾርባ ይዞ መጣ፤ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ አቀበለኝ።

“ጩኸታሟ፣ ይኼ ወባ አይመስለኝም። ሰው ነገር ሲውጥ ነው እንዲህ የሚሆነው። ማነው ልጁ?”

“የለም።”

“ከገመድ ልጆቹ ከሆነ ተይው። ሁሉም እግራቸው ይሸታል። ካልሲያቸውን አንቺ ታውቂው የለ።”

ሳቅኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ፤ እሱም ፈርቶ ሄደ። ነገ “ልጅቷ አብዳለች” ብሎ ያወራል።

እኔ ፈሪ ነኝ። ሌሎች ሰዎች ዝም ሲሉ ጨዋ ይባላሉ፤ የእኔ ግን ፍርሃት ነው። ብናገር አጎቴን አዋርዳለሁ፤ ዋሮንም እንግዳ ያውቀዋል። ባልናገር እማ ቢሪን ታጣለች። እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ሐሳቤ ይቆማል፤ ተነሥቼ የሆነ ነገር አጥባለሁ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 29

ድኛለሁ። ቢሮውን ጠረግኩ።

ሚስ ጌዋ ኮምፒውተሯ ላይ ነበረች። ሳትዞር፣ ቀስ እያለች፣ ሕፃን እንደምታስተምር፣ ተናገረች። ብቻዋን የምታወራ መስሎኝ ነበር መጀመሪያ።

“ሰኞ ካርታዬ በሄሊኮፕተሩ ይሄዳል። ከሄደ በኋላ የሚቆፈረው ቦታ ተቆረጠ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚለውጠው የለም። እኔ ዋሮ ላይ ድንጋይ ነው ብዬ የድንጋይ ፍጥነት ሰጥቻለሁ። ጆሮዎቹ በእርግጥ ያሉት ሸክላ ላይ ከሆነ የሰጠሁት ሁሉ ስሕተት ነው። ለግራንት ‘ተጠራጠርኩ’ ብለው አይሰማኝም። ትክክለኛ ቦታቸውን ባውቅ ግን እንደገና መዘርጋትም አያስፈልግም፤ ቁጥሩን አስተካክዬ ካርታውን እንደገና እሠራዋለሁ። ‘ለምን?’ ብዬም አልጠይቅም።”

መጥረጊያዬን ያዝኩ። “ቢሪ ይቀራል ማለት ነው?” አልኩ። ድምፄ የማን እንደሆነ አላውቅም።

አሁንም አልዞረችም። “አላውቅም ሚርያ። ኮረብታው ሊሸሽ ይችላል። እዚያው ሊሆንም ይችላል። የማይሆነውን ቃል አልሰጥሽም።”

ቢሪ ያልኩት እኔ ነኝ። ካርታዋ ላይ ቢሪ የሚል ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። እንዴት አወቀችው? ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 2

ከእኩለ ቀን በኋላ ፈቅደውልኝ ቤት መጣሁ። እማ ዓሣ በቅጠል እየጠቀለለች ነበር።

“መስመሩ በዋሮ ላይ አለፈ?” አለችኝ። ስለ መስመሩ ስትጠይቀኝ ሁለተኛ ጊዜዋ ነው።

“አላለፈም።”

“ካርታቸው ላይስ?”

“ካርታቸው ላይ አልፏል። አጎቴ ነው—”

እጇን አነሣች። “እኔ አልሰማሁም” አለች። ቅጠሉን ጠቀለለች፣ አሰረች፣ ፍም ላይ አደረገች። ከዚያ ሌላ ዓሣ አነሣች። እሱንም ጠቀለለች።

“እኔ እህቱ ነኝ” አለች በመጨረሻ። “ወንድሜን ‘ለምን እንዲህ አደረግክ’ ብዬ ዓይኑን አላይም። እንዲህ ከምለው ቢሪ ቢሄድ ይሻለኛል። አንቺ ግን የእህቱ ልጅ ነሽ። የእህት ልጅ የጠየቀችውን የእናት ወንድም እምቢ አይልም፤ ቢወድም ባይወድም። ሌሎቹ ልጆች ጩቤ ይጠይቃሉ፣ የዓሣ መረብ ይጠይቃሉ፣ አሳማ እንኳ ይጠይቃሉ። አንቺ አንድ ቀን አንድ ነገር ጠይቀሽው አታውቂም።”

“አፍራለሁ።”

“እሱም የሚያዝነው ለዚህ ነው” አለች። “የማትወጂው ይመስለዋል።”

ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

እሑድ፣ ኦገስት 3

ከጸሎት በኋላ ሄድኩ። አጎቴ ቤቱ ሥር፣ ምሰሶዎቹ መሃል ተቀምጦ መረብ ይጠግን ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩ። የመረቡን ጫፍ ያዝኩለት። ብዙ ጠገነ።

“አጎቴ፣ የምጠይቅህ አለኝ።”

እጁ ቆመ። “ሥራውን ስትፈልጊ እንኳ በዓይንሽ ነው የጠየቅሽኝ።”

“አሁን በአፌ ነው።”

“እንግዲያስ ተናገሪ፤ ሳታመልጪኝ።”

“ጆሮዎቹ የት እንደተተከሉ ለሚስ ጌዋ ልነግራት ነው የምፈልገው። እዚያ ለምን እንደተተከሉ አልነግራትም።”

መረቡን ጭኑ ላይ አደረገው። ዝናቡ የቤቱን ጠርዝ እየተከተለ ይወርዳል። ቁጣ እየጠበቅኩ ነበር። ተቆጥቶኝ አያውቅም፤ ግን እየጠበቅኩ ነበር።

“ከነገርሻት ትመጣለች” አለ። “ከመጣች ትጽፋለች። ከጻፈች ግራንት ያነባል። ካነበበ እኔ ከሥራ ወጥቼ ዓሣ አጥማጅ ነኝ።”

“አውቃለሁ።”

“ልጆቹን ግን አይነኳቸውም። እኔ ያልኳቸውን ነው ያደረጉት። ይህን እኔው ለግራንት እነግረዋለሁ።” የመረቡን ክር በጣቱ ጠመዘዘ። “ሳጎው ይድናል አለች?”

“አላለችም። ሊድንም ላይድንም ይችላል። ኮረብታው እዚያው ሊሆን ይችላል አለች።”

“ሐቀኛ ሴት ናት።” ወደ ወንዙ ምራቁን ተፋ፤ ቀይ። “አባታችን ቢሪ ላይ ሲተክል ችግኞቹን የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ከአንቺ አንስ ነበር። እናትሽ ጀርባዬ ላይ ታዝላ ነበር። አባታችን ‘ይህ የእሷ ነው፤ አንተ ጠባቂው ነህ’ አለኝ። ዋሮንም ሲያሳየኝ እንደዚያው ነበር ያለኝ። ሁለቱን በአንድ ቀን አይጠይቁኝም ብዬ ነበር።”

ዓይኖቹ ቀልተዋል። ከመረቡ ሥራ ይሆናል፤ ክሩ ቀጭን ነው።

“የት እንደተተከሉ አታውቂም እኮ” አለኝ። “ወሬ ነው የሰማሽው። ‘እዚያ አካባቢ’ ብትያት ምን ያደርግላታል? እኔ አብሬ እሄዳለሁ። አንድ በአንድ ቦታቸውን በእግሬ አሳያታለሁ፤ መለኪያዋን አውጥታ ትለካ። ከሸክላው በላይ ግን አንድ እርምጃ አትወጣም።”

“እሺ። አንተ ትነግራታለህ?”

“እኔማ ብነግራት ለምን ትለኛለች። ከመለስኩላት ዋሮን ሰጠኋት። ካልመለስኩላት የምደብቀው እንዳለ ታውቃለች። አንቺን ከጠየቀችሽ ግን አላውቅም ትያታለሽ፤ እውነትሽን ነው፣ ወጥተሽ አታውቂማ። የምታስቆሚያት አንቺ ነሽ።”

“እኔ?”

“ጠይቀሽኛል፣ ሰጥቼሻለሁ። አሁን ደግሞ እኔ እየጠየቅኩሽ ነው” አለ፤ መረቡንም አነሣ።

አመሻሹ ላይ በጀልባ አብረን ወደ ካምፑ ተመለስን።  

ነገ ደመናው ሳይገለጥ፣ ሄሊኮፕተሩ ሳይመጣ፣ ካርታዋን ሳትልክ፣ ወደ ሚስ ጌዋ እሄዳለሁ። ቀድሜ የምናገረው እኔ ነኝ። “ጫማሽን አጥልቂ፤ መለኪያሽንም ያዢ” እላታለሁ። አጎቴ ከፊት ይሄዳል፣ እሷ በመካከል፣ እኔ ከኋላ። መስመር አራትን ይዘን ዋሮ ግርጌ እንደርሳለን፤ እሱ እያሳየ እሷ ትለካለች። ሸክላው አልቆ ድንጋዩ የሚጀምርበት ስንደርስ አልፌያት ፊቷ እቆማለሁ። እጄን ወደ ኋላዬ አደርገዋለሁ። “ሚስ ጌዋ፣ እስከዚህ ነው” እላታለሁ። ለምን ካለችኝ አላውቅም እላለሁ። ሁለተኛ ብትጠይቀኝም ከቦታዬ አልነቃነቅም።